ጀርባው ባዶ የሆነው ካርድ

ፖስት ካርድ መሰብሰብ የረጋ ሰው ሥራ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለው ሰው እኔን አላየኝም። አልበሜን ከፍቼ ሁለት ገጽ ሳልገልጥ እነሣለሁ፤ መስኮት እከፍታለሁ፣ ሻይ እጥዳለሁ፣ ሻዩ ሳይፈላ ተመልሼ አልበሙ ላይ አቀረቅራለሁ። ካርዶቼን አንድ ሰሞን በከተማ፣ አንድ ሰሞን በዕድሜ፣ ሲብስብኝ ደግሞ በሰማያቸው ቀለም እደረድራቸዋለሁ። ድርደራው ሲያልቅ ያስጠላኝና ሁሉንም አልጋዬ ላይ ዘርግፌ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። እግሬ መሄድ ይወዳል። ከነቀምቴ የሚያስወጡት መንገዶች ደግሞ አንዱ ሲከፈት አንዱ እየተዘጋ ስላስቸገሩኝ፣ በእግሬ መድረስ ያልቻልኩበትን በእጄ ስሄድበት ኖሬያለሁ።

ቀን የምውለው አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ታካሚ ሲመጣ ካርዱን ከመደርደሪያ ፈልጌ አወጣለሁ፣ ሲሄድ መልሼ አስገባለሁ። መፈረም የማይችል ሰው ሲገጥመኝ የግራ አውራ ጣቱን ይዤ ቀለም አስነካውና ወረቀቱ ላይ ጫን አደርግለታለሁ፤ ከዚያ በጥጥ ጠርጌ እሸኘዋለሁ። ባልደረቦቼ «ቀን ካርድ፣ ማታ ካርድ! አንቺን ለማግባትም ካርድ ማውጣት ሳያስፈልግ አይቀርም» እያሉ ያሾፉብኛል። ወረፋው ረጅም ነው እላቸዋለሁ። ወረፋ የሚባል ነገር እንደሌለ እነሱም ያውቃሉ።

የመጀመሪያዋን ካርድ ያገኘሁት ኪራሙ ውስጥ፣ ተወልጄ ባደግሁበት መንደር ነው። አባቴና እናቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። አንድ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ አስተማሪያችን ለእንቁጣጣሽ ከደረሱት ካርዶች አንዱን ሰጠኝ። በረዶ የለበሰ ቤት፣ ከፊቱ ሐይቅ፣ ከሥሩ በወርቃማ ፊደል «እንኳን አደረሰዎ» ይላል። ቤቱ የማን እንደሆነ አባቴን ጠየቅሁት። አገላብጦ አየውና «ጣራው ላይ ጨው የተደፋበት ሰው ነዋ፤ ምስኪን» አለኝ። እሱ ለሰውየው አዘነ፤ እኔ ወደዚያ ቤት መሄድ አማረኝ። ያ አምሮት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ነቀምቴ ለትምህርት መጥቼ በዚያው ሥራ ያዝኩ፤ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። አዲሶቹን ካርዶች ጳጉሜ ላይ ከገበያ እገዛለሁ። ሻጮቹ መሬት ላይ ፕላስቲክ ዘርግተው ጽጌረዳውን፣ አደይ አበባውን፣ ተቃቅፈው የፀሐይ መጥለቂያ የሚያዩትን ፍቅረኛሞች ይደረድራሉ፤ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሰህን በስልክ መላላክ ከጀመረ ወዲህ ግን ፕላስቲኩ በየዓመቱ እየጠበበ ነው። የድሮዎቹ የሚገኙት በእግር ነው። መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ጊምቢ፣ ሻምቡ፣ አርጆ እሄዳለሁ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎችንና የቀድሞ ፖስታ ቤት ሠራተኞችን በር እያንኳኳሁ «የድሮ ፖስት ካርድ ይኖርዎት ይሆን?» እላለሁ። አንዳንዱ ውሻውን አያስርልኝም። አብዛኛው ግን አስገብቶ ያለውን ያወጣልኛል፤ ሳያሳየኝም ሆነ አሳይቶኝ የሚመክረኝ ምክር አንድ ነው፦ «ላሜኔት አድርጊው፣ ልጄ!» በዚህ አገር ሰው የሚወደውን ወረቀት ሁሉ ላሜኔት ያደርጋል። የጋብቻ ወረቀት፣ የልጅ ፎቶ፣ የመዝሙር ጥቅስ፣ ሁሉም ላስቲክ ለብሶ ያልበዋል። ምራቄን ውጬ «እሺ» እላለሁ።

ከሁሉ የምሳሳለት ካርድ ከአርጆ ነው የመጣው። የሰጡኝ አንድ አዛውንት መምህር ናቸው። ሳጥናቸውን ከአልጋቸው ሥር ስበው አውጥተው፣ ከልብሱ በታች ከተቀመጠ የመጽሐፍ ቅዱስ ልባስ ውስጥ አወጡት። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የድሮ የነቀምቴ ገበያ። አሞሌ ጨው የደረደሩ ነጋዴዎች፣ የተጫኑ በቅሎዎች፣ ከኋላ ጉም የሸፈነው ኮረብታ። ከፊት ለፊት ቅርጫት የተሸከመች አንዲት ሴት አለች፤ ፎቶው ሲነሣ ስለተንቀሳቀሰች ፊቷ ድርብ ሆኗል። ያ ሁሉ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ እሷ ብቻ መቆም አቃታት። ገና ሳያት ዘመዴ መሰለችኝ።

ገለበጥኩት። ጀርባው ንጹሕ ነው። በፈረንጅ ፊደል ከታተመው መስመር በቀር አንድ የብዕር ጭረት፣ አንድ ማኅተም የለበትም። የሰብሳቢ ነገር አይያዝም፤ አንዳንዱ የተጻፈበትንና የታተመበትን ይወዳል፣ እኔ ማንም ያልነካውን እወዳለሁ። አዛውንቱ ለመሸጥ እምቢ አሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ አስተምረው ነበርና፣ የምጽዋ ወደብ ካርድ ካለኝ እንድንለዋወጥ ጠየቁኝ። ነበረኝ። በሚቀጥለው ሰላማዊ ሳምንት ይዤላቸው ሄድኩ። ካርዱን ተቀብለው መስኮት አጠገብ ወሰዱትና እኔ መኖሬን ረሱ። ስወጣ ብቻ «ላሜኔት እንዳታደርጊው አደራ» አሉኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

አባቴ ነቀምቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። ኪራሙ ውስጥ ተኩስና ቃጠሎ በነበረበት በዚያ ክፉ ሰሞን እሱም እንደ ብዙ ሰው ተፈናቅሎ፣ አንድ ከዘራና የለበሰውን ጋቢ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ቤቱ መቃጠሉን የሰማነው ቆይቶ ነው። ስለ ቤቱ አንድም ቀን አላነሣም። እሱ የሚያነሣው ሚቹውን ነበር።

ሚቹ በኦሮምኛ ወዳጅ ማለት ነው፤ በእኛ በኩል ግን ወዳጅነቱ በሽማግሌ ፊት የሚታሰር ነው። የአባቴ ሚቹ መሬቱ ከእኛ መሬት ጋር የሚዋሰን፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ኦሮሞ ገበሬ ነው። አባቴ አዲስ ሰፋሪ ሳለ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም ነበር። አንድ ጤፍ አጨዳ ላይ ጎን ለጎን ሲያጭዱ የሰውየው ማጭድ አመለጠውና የገዛ ግራ አውራ ጣቱን ከላይ እስከ ታች ተረተረው። አባቴ ነጠላውን ቀዶ አሰረለት፤ ጣቱ እስኪድንም የሁለቱን ማሳ ብቻውን አጨደ። ሚቹ የተባባሉት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ሲሞት አፈር የሚያለብሰው ሌላው ሊሆን ተማምለዋል። ልጅ ሳለሁ ሰውየው ጭኑ ላይ ያስቀምጠኝና ያን ጠባሳ እነካካበት ነበር፤ መሐል ለመሐል ወርዶ ጣቱን ለሁለት የከፈለ ሰርጓዳ መስመር ነው።

በዚያ ክፉ ሰሞን ጎህ ሲቀድ አባቴን በሸለቆው አሳልፎ መንገድ ያስገባው እሱ ነው። «ከብቶቹን አይቼ እመለሳለሁ፣ አንተ ሂድ» ብሎት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ስልክ አይሠራም። ከዚያ በኩል የመጣ አንዱ ሞቷል ይላል፣ አንዱ ጫካ ገብቶ ተርፏል ይላል፣ ሌላው ከሌላ ሰው ጋር ያምታታዋል።

አባቴን የበላው ይሄ ነው። መርዶ ቢመጣለት አልቅሶ፣ ምንጣፍ ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ደህና ነው ቢሉት ደግሞ ያርፍ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ጢሙን ለቅሶ እንዳለበት ሰው አሳደገ። «ምነው አባ፣ ልላጭህ?» ስለው «አልላጭም» ይላል። «ታዲያ አልቅስና ይውጣልህ» ስለው «ማንን ብየ?» ይለኛል። በየጠዋቱ እኔ ለሥራ ሳልወጣ እሱ መናኸሪያ ደርሷል። ረዳቶቹ ከሩቅ ሲያዩት «አባኮ፣ ሃርአ ሂን ጅሩ» ይሉታል፤ ዛሬም የለም። ወደ ኪራሙ የሚሄድ መኪና የለም። ተመልሶ ይመጣና ግቢውን ይዞራል። እኔ ቤት ውስጥ፣ እሱ ግቢ ውስጥ፣ ስንዞር እንውላለን። አከራያችን አንድ ቀን «ሁለታችሁ መሬቱን ልትጨርሱት ነው» አለችን።

ማታ ማታ አልበሙን አሳየው ነበር፤ ልቡን ያሳርፍለት ይሆናል ብዬ ነው። ሥዕሎቹን ቶሎ ያልፋቸዋል። የሚያየው ጀርባቸውን ነው። «እዚህ ላይ ምን ይላል?» ይለኛል፤ አነብለታለሁ። አንዱ ከጎሬ ደህና ገብቻለሁ ይላል፣ አንዷ ከአስመራ ልጅ መውለዷን ለእናቷ ትነግራለች። «ደርሷታል ማለት ነው ለናትየዋ?» «ደርሷታል አባ፤ ማኅተሙ ይኸው።» ራሱን ይነቀንቃል። የነቀምቴ ገበያ ላይ ሲደርስ ግን ገልብጦ ደጋግሞ አየው። «ይሄስ?» አለኝ። «ባዶ ነው። ለዚህ ነው ውድ የሆነው» አልኩት። ካርዱን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ወደ አልበሙ መለሰው፤ እኔም ምንም አልጠረጠርኩም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አልበሙ አልጋው ላይ ተከፍቷል፤ የገበያው ካርድ ኪስ ባዶ ነው። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ቀን ላይ ተቀምጦ ሳየው በዚያ ሰሞን የመጀመሪያው ነበር።

«አባ፣ እዚህ የነበረው ካርድ የት ሄደ?»

«ላክሁት» አለ፣ ቀለል አድርጎ።

«ለማን?»

«ለሚቹየ ነዋ። ሌሎቹማ ተልከው ደርሰዋል፤ ጽሕፈትም ማኅተምም አለባቸው። ይሄ ግን ያን ሁሉ ዘመን ሳይላክ ተቀምጦ! ሰው ሊልከው ገዝቶት የቀረ ነው፤ ግፍ አይደለም እንዴ? ወረቀቱም ጠንካራ ነው፣ እጅ ይችላል።»

አልበሙን ይዤ ወጣሁና አዲሶቹን ካርዶች እያወጣሁ አሳየሁት። «ይኸው ባዶ! ይኸው ሌላ ባዶ! ይሄን ሁሉ ትተህ እሱን?»

ካርዶቹን አየት አደረጋቸው። «እንዴ ልጀ! ለአንድ ሽማግሌ ጽጌረዳ ልላክለት?» አለ። «ያኛው ላይ ገበያ አለበት። በሬ ልንሸጥ አብረን የመጣንበት ገበያ ነው፤ ገና ሲያየው እኔ መሆኔን ያውቃል።»

ጮህኩ። የጮህኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ አከራያችን በሯን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝና «አንች ካርዱን ነው የምትፈልጊው፤ እኔ ሰውየውን ነው የምፈልገው» አለኝ። ይሄን ሲል አልተቆጣም፤ መቆጣት የኔ ብቻ ሆነ።

ያደረገውን በማግስቱ ደረስኩበት። መጀመሪያ ፖስታ ቤት ሄዷል፤ ወደዚያ በኩል ለጊዜው መላክ እንደማይቻል ነግረውታል። ከዚያ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ካርዱን አስጻፈው። ከዚያ ገበያ ወርዶ፣ ከጊዳ አያና በኩል ቅቤና አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ለምታመጣ ነጋዴ ሴት ሰጣት፤ እሷ ደግሞ ከዚያ በኋላ በሰው በሰው ልታደርሰው።

ማመልከቻ ጸሐፊውን አገኘሁት። ምን ብሎ እንደጻፈ ስጠይቀው ቀና ብሎ ተቀመጠ። «በሥርዓቱ ነው የጻፍኩት» አለኝ። በኦሮምኛ የጻፈውን ወደ አማርኛ መለሰልኝ፦ «ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖርዎን እንዲገልጹልን ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተመለከተው ወዳጅዎ በነቀምቴ ከተማ ቡርቃ ጃቶ ነዋሪ ሲሆኑ፣ እርስዎ ስላሉበት ሁኔታ ምንም ዓይነት መረጃ ስላልደረሳቸው በእጅጉ ተቸግረዋል። ስለሆነም በሕይወት የሚገኙ ከሆነ ይኸንኑ እንዲያረጋግጡላቸው በትሕትና ይጠይቃሉ።»

«ይሄን ሁሉ ያ ካርድ ላይ?»

«ፊደሌ ደቃቃ ነው» አለኝ። «ለፊርማ የሚሆን ቦታም ትቻለሁ። ማመልከቻ ያለ ፊርማ ቦታ አይሆንም።»

ልስቅም ላለቅስም ዳዳኝ፤ ሁለቱንም ሳላደርግ ወደ ገበያ ሮጥኩ። ነጋዴዋ ሄዳለች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እኔና ጫማዬ ነን የምናውቀው። ክረምቱ ገብቶ ነበር። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ከካርድ ክፍል ፈቃድ ጠይቄ፣ ያን ቀይ ጭቃ እየረገጥኩ ቅቤ ተራ እወርዳለሁ። ነጋዴዋ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል የምትጠቀልል ሴት ናት። አዳዳ እላታለሁ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው፤ እሷም ኢንተለኮ፣ ልጄ፣ ትለኛለች።

«አዳዳ፣ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደርሽ? ካርዱስ?»

«ነጋ፣ ኢንተለኮ። ካርዱ ሂን ዹፍኔ፤ አልመጣም። እኔ ለወፍጮ ቤቱ ሰው ነው የሰጠሁት፤ እሱ ለሌላ ሰጥቷል። በእግር ነው የሚሄደው፣ ምን ላድርግ? ቅቤ አልሰጥሽም?»

«ሥዕሉን ዝናብ ነክቶት ይሆን?»

«ዝናብ ያልነካው ማን አለ?» ትላለች።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ እያለኝ ካርዱ የት እንዳለ አስባለሁ። የማን ኪስ ውስጥ? የማን ቆብ ሥር? አንድ ሰው ትምባሆ ጠቅልሎበት ቢሆንስ? የአልበሙ ሌሎች ካርዶች አስጠሉኝ፤ አልደረድር አልኩ። አባቴ ግን ካርዱን ከላከ ወዲህ መናኸሪያ መሄዱን ተወ። «ጠይቄያለሁ፤ አሁን ተራው የሱ ነው» ይላል። ግቢውን መዞር ግን አልተወም፤ ጢሙም እንዳለ ነው። እኔ ወደ ገበያ ስወጣ ከደጃፍ ተነሥቶ «ለካርድሽ ነው የምትሄጅው?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። «እግረ መንገድሽን የኔንም ጠይቂልኝ» ይላል።

እግረ መንገዴን መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከካርዱ በኋላ ነበር የማነሣው። ከዚያ ባንድ ላይ ሆነ። መስቀል ሲቃረብ አንድ የገበያ ቀን ነጋዴዋን እንዳገኘኋት «አዳዳ፣ ሰውየውስ? ስለ ሰውየው የሰማሽው አለ?» አልኳት። ቅቤዋን እየጠቀለለች ቀና ብላ አየችኝ። «ዛሬስ ካርዱን ረሳሽው» አለች። እውነትም ረስቼው ነበር። የአባቴ ጭንቀት መቼ ወደኔ እንደተሻገረ አላወቅሁም፤ ብቻ ያን ቀን ስመለስ፣ በልጅነቴ እነካካው የነበረው ያ ሰርጓዳ ጠባሳ ጣቴ ጫፍ ላይ ይሰማኝ ነበር። ሰውየው ሞቶ ከሆነ ብዬ መንገድ ላይ ቆምኩ። ባጃጅ ጥሩምባ ነፍቶ እስኪያስደነግጠኝ ቆምኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ በወጣበት አንድ የገበያ ቀን፣ ነጋዴዋ ከሩቅ እጇን አውለበለበች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ከደረቷ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «ካርድሽ ተመልሷል» አለች። «ሰውየውን ያየ አላገኘሁም። ለወፍጮ ቤቱ ሰው አንዲት ሴት ሰጥታው ሄደች ነው የሚለኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ኢንተለኮ፤ አንቺ እዪው።»

ተመልሷል ስትለኝ ሰውየው አልተገኘም ማለቷ መሰለኝ። ፌስታሉን ፈታሁት። ካርዱ አንድ ጥጉ ተቆርጧል፤ ውሃ የገባበት ግራ ጎኑ ተልጦ አሞሌ የደረደሩት ነጋዴዎች ጠፍተዋል። ቅቤ፣ ጭስ፣ የሰው ላብ ይሸታል። ያቺ መቆም የማትችለው ሴት ግን አለች።

ገለበጥኩት። የጸሐፊው ደቃቃ ሰማያዊ ፊደል እስከ ሦስት አራተኛው ወርዷል። ከሥሩ፣ ለፊርማ በተተወችው ቦታ ላይ፣ ቃል የለም። የአውራ ጣት አሻራ አለ። ቀለም አልነበራቸውምና በድስት ጥላሸትና በቅባት ነው የተደረገው፤ ዙሪያውን ቅባቱ ሰፍቶ ወረቀቱን አወይቦታል። ሥራዬ ነው፤ በየቀኑ አሻራ አያለሁ። ይሄኛው መሐል ለመሐል ቀለም ያልያዘ ነጭ መስመር አለበት፤ ከላይ እስከ ታች።

ካርዱም እዚያው ላይ ታጥፎ ነበር። እጥፋቱ ይሁን ጠባሳው መለየት አቃተኝ። ለነጋዴዋ ምንም አልነገርኳትም፣ «ገላቶሚ» ብዬ ማመስገኔን እንኳ አላስታውስም። ቡርቃ ጃቶ እስክደርስ ሮጥኩ።

አባቴ ግቢ ውስጥ ነበር። ካርዱን በጀርባው በኩል ሰጠሁትና «አላውቅም አባ፣ አንተ እየው» አልኩት። ወደ ብርሃን ዞረ። ወደ ሥዕሉ አልገለበጠውም፣ ጽሑፉን አላስነበበኝም። አሻራውን አየ፤ አራቀው፤ አቀረበው። ከዚያ የራሱን አውራ ጣት አነሣና በጥፍሩ ነጩን መስመር ከላይ እስከ ታች ተከተለው። ታች ሲደርስ መስመሩ ወደ ውጭ ትንሽ ይታጠፋል። እዚያ ላይ ጥፍሩ ቆመ።

«ይሄ የማጭዱ ነው» አለ። «ይኸውልሽ፤ እዚህ ጋ ስቦ ሲያወጣው ነው የጠመመው። እኔ ነኝ ያሰርሁት።»

ከዚያ በኦሮምኛ «ጅራ» አለ። አለ፣ ይኖራል ማለት ነው። ቤታችን ከመጣ ጀምሮ ኦሮምኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። አከራያችን መጥታ «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለችን። «ማንም» አላት አባቴ። ለኔ ደግሞ «ውሃ አሙቂልኝ፤ ልላጭ» አለኝ።

ካርዱን ያን ቀን አልበሙ ውስጥ መልሼ አስገባሁት። እንዲያ ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ ተቀብቶ ለሌላ ሰብሳቢ ባሳየው ይስቅብኛል። እኔ ግን ካሉኝ ሁሉ እሱን ብቻ ደጋግሜ ስከፍት ዋልኩ፤ የመጣው ቢመጣ አልሰጠውም አልኩ። በስልኬም ፎቶ አነሣሁት።

አባቴ በማግስቱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ መጣና ካርዱን ጠየቀኝ። «እዚች ጋ ቦታ አለ እኮ» አለ፣ ከአሻራው ጎን ያለችውን ክፍት ቦታ እያሳየኝ። «እሱ መለሰልኝ። እኔስ መኖሬን በምን ያውቃል? ያኛው የጸሐፊው ቃል ነው፤ ደህና መግባቴን ከኔ ከራሴ አልሰማም።»

ለአፍታ እጄ አልበሙ ላይ ቀረ። እንዳይወሰድብኝ ፈለግሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ አወጣሁትና አብሬው ሄድኩ።

ማመልከቻ ጸሐፊው አሻራውን ሲያይ ደስ አለው፤ ማመልከቻው ምላሽ አግኝቷላ። ብዕሩን አወጣና ርዕሱን ጀመረ። «እሺ፣ ጉዳዩ፦ ለቀረበልን ጥያቄ ምላሽ ስለመስጠት፣ ልበለው?»

«ምንም እንዳትጽፍ» አለው አባቴ። ወደኔ ዞሮ ግራ እጁን ዘረጋ። ስንመጣ ሳያስፈልግ አይቀርም ብዬ የቀለሙን ሳጥን ከካርድ ክፍል ተውሼ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። አውራ ጣቱን ያዝኩ፤ ቀለም አስነካሁትና ከሚቹው ጣት አጠገብ ጫን አደረግሁለት። ሁለቱ አሻራዎች ጎን ለጎን ሆኑ፤ አንዱ ጥላሸት፣ አንዱ ሐምራዊ።

ጸሐፊው ቅር አለው። «ኧረ አባባ፣ ጉዳዩ ሳይጻፍ እንዴት ይሆናል?»

«ጉዳዩን እሱ ያውቀዋል» አለው።

ጣቱን በጥጥ ጠረግሁለት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ካርዱን ለነጋዴዋ በገዛ እጄ ሰጠኋትና ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ዞሬ ሄድኩ።